ባቄላ እየለቀሙ ፊደል መማር፦ በአፀደ ሕፃናት «በእጅ እየሠሩ መማር» ምን ይሰጣል፣ ምንስ ይፈልጋል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር አንድ አባባል አብሮ ይመጣል፤ «ችግሩ ከመሠረቱ ነው»። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሏል። ንግግሩ ግን አልተቀየረም። ለመሆኑ መሠረት ሲባል እስከ የት ድረስ ነው የሚወረደው?

እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን የተደረገ የንባብ ምዘና አንድ ፍንጭ ይሰጣል። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ገደማ የሚሆኑት በክፍላቸው ደረጃ ከተዘጋጀላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እንግዲህ እነዚህ ልጆች ከትምህርት ቤት የቀሩ አይደሉም፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የከረሙ ናቸው። ስለዚህ ዓይን ወደ አንደኛ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ቅድመ አንደኛ ቢዞር አይገርምም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከአንደኛ ክፍል በፊት ሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት አስቀምጧል።

ከዚሁ ጋር «በጨዋታ መማር»፣ «በተግባር መማር» የሚሉ ቃላት ከሥልጠና አዳራሽ ወጥተው የግል ትምህርት ቤቶች ባነር ላይ ተሰቅለዋል። ወላጅ ግን ግራ ተጋብቷል። ልጁ እጁ ጭቃ ነክቶ፣ ደብተሩ ባዶ ሆኖ ወደ ቤት ይመጣል። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ሲባል «ተጫወትን» ይላል። ታዲያ ይህ ትምህርት ነው ወይስ ጊዜ ማሳለፊያ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። አንዱን ከሌላው የሚለየው ምን እንደሆነ ማወቅ ደግሞ ለወላጅም፣ ለመምህርም፣ ለበጀት መዳቢም ይጠቅማል።

ስሙና ምንጩ

በእጅ እየሠሩ መማር ማለት ልጁ አንድን ሐሳብ ሰምቶ ከመድገም ይልቅ፣ የሚጨበጥ ነገር እያነሳ፣ እየለየ፣ እየለካ፣ እየገነባ የሚረዳበት መንገድ ነው። እጅ መንቀሳቀሱ ብቻውን አይበቃም። የታተመ የድመት ሥዕል ላይ ቀለም መቀባትም እጅን ያንቀሳቅሳል። ነገር ግን ልጁ የሚወስነው፣ የሚገምተው፣ ተሳስቶ የሚያርመው ነገር ከሌለ ሥራው ከደብተር ግልበጣ ብዙም አይለይም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ ከተማ የሕፃናት ማስተማሪያውን ሲከፍት ዋና መሣሪያዎቹ ኳስ፣ ኪዩብና የተቆራረጡ እንጨቶች ነበሩ። ዛሬ «ኬጂ» እያልን በአጭሩ የምንጠራው ስም የመጣው ከእሱ ነው። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም የድሆች ሰፈር በነበረው ሳን ሎሬንዞ የሕፃናት ቤት ከፈተች። የዶቃ ሰንሰለት ለቁጥር፣ በአሸዋ ወረቀት የተሠሩ ፊደሎች ደግሞ ለንባብ አዘጋጀች። እግረ መንገድ ለወላጆች አንድ ነገር መጠቆም ይገባል። ሞንቴሶሪ የሚለው ስም በአብዛኛው ዓለም የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ማንኛውም ትምህርት ቤት በሩ ላይ ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ ስሙን አይቶ ከመመዝገብ ገብቶ ክፍሉን ማየት ይሻላል።

አንድ ትሪ እህል

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። አምስት የአምስት ዓመት ልጆች ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መሐላቸው ትሪ አለ። ትሪው ላይ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ በቆሎና ስንዴ ተደባልቋል። መምህርቷ «የሚመሳሰሉትን ለዩልኝ» ትላለች።

አንዱ ልጅ ትልልቁን ከትንንሹ ይለያል። ሌላዋ በቀለም ትለያለች፤ በቆሎና ስንዴዋ አንድ ላይ ይገባሉ። ሦስተኛው አራቱንም ለየብቻ ያስቀምጣል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ዋናው ጥያቄ የሚመጣው አሁን ነው። «አንቺ እንዴት አድርገሽ ነው የለየሽው?» ልጅቱ በእጇ የሠራችውን በአፏ ማስረዳት አለባት። «እነዚህ ቢጫ ስለሆኑ» ትላለች። ይህ ሳይንስ ነው፤ በባሕርይ መመደብ ይባላል። ቋንቋም ነው፤ «ስለሆነ» ብሎ ምክንያት መስጠት ለአምስት ዓመት ልጅ ቀላል አረፍተ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ቁጥር ይመጣል። መምህርቷ ስድስት ባቄላ በአንድ ቦታ፣ አሥር ስንዴ በሌላ ቦታ ትደረድራለች። «የትኛው ይበዛል?» ብዙ ልጆች ባቄላውን ያሳያሉ፤ ለዓይን የሚሞላው እሱ ነውና። «እስቲ አንድ በአንድ እናጣምራቸው» ትላለች። ባቄላው አልቆ ስንዴው ሲተርፍ ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል። መብዛትና መተለቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በቃል መንገር ይቻላል፤ ባቄላው ቀድሞ ሲያልቅበት ያየ ልጅ ግን ክርክሩን ከራሱ ጋር ጨርሷል።

ከዚያ ፊደል። «ባቄላ» በ«ባ» ይጀምራል፣ «በቆሎ» በ«በ»። የመጀመሪያው ድምፅ ከንፈር ተገጥሞ የሚወጣ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው፤ የሚለያየው አፍ ሲከፈት ነው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ዘግተው ይሞክሩታል። በማግሥቱ ባቄላው ውሃ ውስጥ ያድራል። ከላይ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ከእርጥብ ጨርቅ ጋር ከፕላስቲኩ ተጠግቶ ይቀመጣል። ሥሩ ሲወጣ በውጭ በኩል ይታያል። ቡቃያው ከፍ ሲል በክር ይለካል፤ ክሩ ተቆርጦ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ክሮቹ በተርታ ሲሰለፉ ልጆቹ ሳያውቁት ግራፍ ሠርተዋል።

በዚህ ሁሉ መሐል ተራ መጠበቅ አለ፣ «ለእኔም አካፍለኝ» ማለት አለ። ስንዴን በሁለት ጣት ለቅሞ ማንሳት ደግሞ በኋላ እርሳስ ለሚይዙት ጣቶች ጥሩ ልምምድ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ግን ቸል አይባልም። ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እህልም ሆነ ቆርኪ አይሰጥም፤ አፍና አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ለእነሱ ወደ አፍ የማይገቡ ትልልቅ ነገሮች ናቸው የሚሆኑት። ለትልልቆቹም ቢሆን አጠገባቸው አዋቂ ሊኖር ይገባል።

አሁን ያንኑ ትሪ መምህርቷ ሳትኖር እናስበው። ልጆቹ እህሉን ያፈሳሉ፣ ይዘግናሉ፣ ይስቃሉ። ደስ ይላቸዋል፣ ጣታቸውም ይሠራል። ይህ በራሱ ክፋት የለውም፤ ልጅ ዝም ብሎ መጫወትም አለበት። ስለ ቁጥርም ሆነ ስለ ፊደል የሚያገኙት ነገር ግን ጥቂት ነው። ትሪው ያው፣ እህሉም ያው። የጎደለው የመምህርቷ ጥያቄ ነው።

ለምን ይሠራል?

አንድ ወደ ሦስት ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» እያለ እስከ አሥር ይወርዳል። ቤተሰብ ያጨበጭባል። «ሦስት ብስኩት ስጠኝ» በሉት። ብዙ ጊዜ እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ይሰጣል። ካረን ዊን የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይታለች። ቁጥርን በተርታ መጥራትና ቁጥር ብዛትን እንደሚናገር ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሁለቱ መሐል ብዙ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ደብተር ላይ ከ1 እስከ 100 የጻፈ ልጅም ይህችን ድልድይ መሻገሩን ደብተሩ አይነግረንም።

ድልድዩን ለመሻገር ምን ይረዳል? ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ሙከራ በጣም ቀላል ነው። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ አሜሪካውያን ሕፃናት ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተርታ በተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ምልክታቸውን እያንቀሳቀሱ ይጫወታሉ። እያንዳንዱን ቁጥር ሲያልፉ ጮክ ብለው ይጠሩታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ ያህል ተጫወቱ። ስለ ቁጥር መጠን ያላቸው ግንዛቤ በግልጽ ተሻሻለ። ሌላው ቡድን ያንኑ ጨዋታ ተጫወተ፤ ሰሌዳው ላይ ግን በቁጥር ፈንታ ቀለም ነበር። እነሱ አልተሻሻሉም።

ይህ ሁለተኛው ቡድን ነው ነገሩን የሚያስረዳው። እጃቸው እኩል ሠርቷል፣ እኩል ተጫውተዋል። በአንደኛው ጨዋታ ግን ምልክቱ አንድ እርምጃ ሲሄድ ቁጥሩም አንድ ይጨምራል፤ እጅ የሚሠራውና አእምሮ ሊይዘው የሚገባው ነገር ገጥመዋል። የእኛው ገበጣም በአሠራሩ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ጠጠር ይጣላል፤ ያጭበረበረ ወይም የዘለለ ይጋለጣል። ሕጉን ቀለል አድርጎ፣ ጠጠሩ ሲጣል እየቆጠሩ ማጫወት የሚያስወጣው ገንዘብ የለም።

በሒሳብ መርጃ ቁሳቁስ ላይ የተደረጉ 55 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሥራም ወደዚሁ ያመለክታል። ቁሳቁሱ የሚረዳው መምህሩ አጠቃቀሙን በቅርበት ሲመራ ነው። ሌላም ነገር አለ። በጣም ያጌጠ ዕቃ ሐሳብን ይሰርቃል። የፕላስቲክ ዳይኖሰር የተሰጠው ልጅ ዳይኖሰሩን ያጫውታል እንጂ አይቆጥረውም። ቆርኪና ጠጠር እዚህ ላይ ይበልጣሉ፤ ከመቆጠርና ከመደርደር ሌላ ብዙ የሚጋብዙት የላቸውም።

ፊደልስ?

እዚህ ላይ ክርክሩ ይከርራል። የቄስ ትምህርት ቤት ለዘመናት ያስተማረው በዜማና በመደጋገም ነው። ልጆች ሀሁ እያሉ፣ በስንደዶ ፊደል እየቆጠሩ፣ ዳዊት ደግመዋል። ይህን ማጣጣል ስህተት ነው። 33ቱ ፊደላት ሰባት ሰባት ቅርጽ ሲያወጡ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር 231 ይሆናሉ። ማንም ልጅ «መ» የሚባለው ቅርጽ «መ» መባሉን በጨዋታ ብቻ ሊደርስበት አይችልም። ስምምነት ነው፤ መነገር አለበት። ዜማው ደግሞ ለማስታወስ የሚረዳ ጠንካራ መሣሪያ ነው። ስንደዶውም ቢሆን እጅን ከዓይንና ከድምፅ ጋር የሚያገናኝ ነው።

የዜማው ድክመት ሌላ ቦታ ነው። ልጁ ገበታውን ከላይ እስከ ታች ወርዶ መሐል ላይ ያለውን «ቴ» ነጥለው ሲያሳዩት ከ«ተ» ጀምሮ ካልወረደ አያውቀውም። ይህ ብዙ የአንደኛ ክፍል መምህራን የሚያውቁት ነገር ነው። እጅ የሚገባው እዚህ ነው። የፊደሎቻችን አሠራር ለጭቃ የተመቸ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልጁ በጭቃ «ለ»ን ይሠራል። በቀኝ እግሩ መሐል ትንሽ ጭቃ ሲለጥፍ «ሉ» ይሆናል። ያችኑ ጭቃ ወደ እግሩ ጫፍ ሲያወርዳት «ሊ»። ጠቅልሎ ቀለበት ሲያደርጋት «ሌ»። የግራ እግሩን ሲያሳጥር «ላ»። ከዚያ መምህርቷ «በ»ን ትሰጠዋለች። ልጁ «ቡ»ን፣ «ቢ»ን፣ «ቤ»ን ማንም ሳይነግረው ይሠራል። 231 ፊደል ለየብቻ መሸምደድ ቀርቶ ሕግ ይዟል ማለት ነው። እርግጥ ሕጉን የሚጥሱ አሉ፤ «ሩ» እና «ፉ» አሉ፣ ሳድስና ሳብዕም እንደ ልብ አይደሉም። እነሱ ተለይተው ይጠናሉ።

የእጅ ጽሕፈትን በተመለከተ ካሪን ጄምስና ላውራ ኤንግልሃርት እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ጥናት ልብ ሊባል ይገባል። ገና ማንበብ ያልጀመሩ የአምስት ዓመት ልጆች ፊደልን በሦስት መንገድ ተለማመዱ። በራሳቸው እጅ በመጻፍ፣ ነጠብጣብ በመከተል እና ኪቦርድ በመምታት። በኋላ ፊደሎቹን ሲያዩ አእምሯቸው ሲመረመር፣ ከንባብ ጋር የተያያዘው የአእምሮ ክፍል ይበልጥ የነቃው በራሳቸው እጅ በጻፉት ላይ ነበር። ጥናቱ በጥቂት ልጆች ላይ የተደረገ ስለሆነ ብዙ ነገር አይጫንበትም። ሆኖም በየኬጂው በብዛት የሚታደለውን የነጠብጣብ ዎርክሺት እንደገና እንድናይ ያደርጋል። ጠማማ «መ» በራሱ የጻፈ ልጅ ነጠብጣብ ተከትሎ ያማረ «መ» ካወጣው ይልቅ የበለጠ ሠርቶ ሊሆን ይችላል።

ተቃውሞው ምን ይላል?

በእጅ መማርን የሚጠራጠሩ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ፖል ኪርሽነር፣ ጆን ስዌለርና ሪቻርድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ታዋቂ ጽሑፍ፣ ጀማሪን ያለ በቂ መሪነት «ፈልገህ አግኝ» ማለት አይሠራም ብለው ተከራከሩ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ነገር ጥቂት ነው። ጀማሪው የማያስፈልገውን ከሚያስፈልገው መለየት ስለማይችል በፍለጋው ብቻ ይደክማል። በአንጻሩ መምህሩ ቢነግረው፣ ቢያሳየውና ቢያለማምደው ፈጥኖ ይይዛል።

በሌላ በኩል የቆሙት ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሱት ፔሪ የተባለውን የአሜሪካ የቅድመ አንደኛ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በሚሺጋን ግዛት በይፕሲላንቲ ከተማ 123 የድሃ ቤተሰብ ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የተማሩት ልጆች የዕለቱን ሥራቸውን ራሳቸው ያቅዱ፣ ይሠሩና በኋላ ስለሠሩት ይናገሩ ነበር። 40 ዓመት ሲሞላቸው በፕሮግራሙ ካልተማሩት የተሻለ ገቢ ያላቸውና ከወንጀል የራቁ ሆነው ተገኙ። ነገር ግን እዚያ መምህራኑ የሠለጠኑ ነበሩ፤ አንዷ መምህርት የምትይዘው ስድስት ያህል ልጅ ነበር፤ በየሳምንቱም ቤት ድረስ ይሄዱ ነበር። ስለ ቁሳቁሱ ብቻ ተነጥሎ የሚወራ ሁሉ ይህን ይረሳል።

በቴነሲ ግዛት የታየው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ግዛቱ የቅድመ አንደኛ ትምህርትን በስፋት አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ክትትል በዕጣ የገቡት ልጆች ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ካልገቡት ያነሰ ውጤት እንዳመጡ አሳየ። ከተመራማሪዎቹ አንዷ ዴል ፋራን እንደ አንድ ምክንያት የጠረጠረችው ልጆቹ ረጅም ሰዓት ተቀምጠው በጅምላ መማራቸውን ነው። ይህ ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። አንድ ነገር ግን ያስተምራል፤ ቅድመ አንደኛ ስለተባለ ብቻ ልጅን አይጠቅምም፤ አንዳንዴም ሊጎዳ ይችላል።

በሁለቱ ጎራዎች መሐል «የተመራ ጨዋታ» የሚባለው አለ። መምህሩ ግብ አስቀምጦ ዕቃውን ያዘጋጃል። ልጁ በዚያ ውስጥ ራሱ ይመርጣል። መምህሩ በጥያቄ ወደ ግቡ ይስበዋል። የእህል ትሪው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የ39 ጥናቶች ግምገማ በመጀመሪያ ደረጃ ሒሳብ፣ ቅርጽን በማወቅና ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሐሳብን በማዞር ችሎታ የተመራ ጨዋታ በቀጥታ ከማስተማር የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። በሌሎች መለኪያዎች ግልጽ ልዩነት አልታየም። በእኔ እይታ ኪርሽነርና ጓደኞቹ የሚያነሱት ስጋት እውነተኛ ነው። የሚመታው ግን ልጅን ከዕቃ ጋር ትቶ የሚሄደውን አሠራር ነው፤ አጠገቡ ተቀምጣ የምትጠይቀውን መምህርት አይደለም።

ኦ ክፍልና ኬጂ

በአገራችን ሁለት ዓለም አለ። በከተማ ነርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ እየተባለ የሚወጣው የግል ትምህርት ቤት አንዱ ነው። ሌላው በመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሚገኘው ኦ ክፍል ነው፤ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለ የአንድ ዓመት ዝግጅት። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቀዳማይ ልጅነት የፖሊሲ ማዕቀፍ ኦ ክፍልን እንዲስፋፋ አደረገ። ቀዳማይ ልጅነት ማለት ከጽንስ ጀምሮ ትምህርት ቤት እስከመግባት ያለው ዕድሜ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቅድመ አንደኛ ጥቅል ተሳትፎ ከ5 በመቶ ገደማ ተነስቶ ወደ ሲሶ ተጠጋ። ትልቅ ሥራ ነው። የተገኘው ግን ባለው መምህር፣ ባለው ክፍልና ባለው ዴስክ ነው።

ችግሩም ከዚያ ይነሳል። በብዙ ቦታ ኦ ክፍል የሚሰጠው ሕፃናትን ለማስተማር ላልሠለጠነ መምህር ነው። ዴስኩ ለትልልቅ ልጆች የተሠራ ነው፤ የሕፃኑ እግር መሬት አይነካም። ክፍሉ 60 ልጅ ከያዘ ደግሞ አንድ ትሪ እህል ምንም አይሆንም። መምህርቷ በጥቁር ሰሌዳ ጽፋ ማስደገምን የምትመርጠው ስንፍና ይዟት አይደለም። 60 ልጅ ዝም የሚያሰኝ ሌላ መንገድ አልተሰጣትም።

መውጫው ከባድ ቢሆንም ዝግ አይደለም። ክፍሉ ለሦስት ይከፈላል። አንዱ ቡድን ከመምህርቷ ጋር ዕቃ ይዞ ይሠራል፣ አንዱ ውጭ በረዳት ይጫወታል፣ አንዱ ሥዕል ይሥላል፤ በሳምንቱ ውስጥ ተራ ይደርሳቸዋል። ትልልቅ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን የሚያጫውቱበትና የሚያስተምሩበት «ከልጅ ወደ ልጅ» የተባለው አሠራር በኢትዮጵያ የተሞከረ ነው። ዕቃ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቆርኪ፣ ካርቶን፣ ጭቃ፣ ገለባ የማይገኝበት ቀበሌ የለም። እጥረቱ ያለው ስድስት ልጅ አጠገብ ቁጭ ብሎ «እንዴት አወቅክ?» የሚል አዋቂ ላይ ነው።

የግል ኬጂዎቹ ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ዕቃው ሞልቷል፤ ቋንቋው ግን እንግሊዝኛ ነው። በእጅ መማር ግማሹ ወሬ ነው። ልጅቱ እህሉን ለምን እንደዚያ እንደለየች ለማስረዳት «ስለ» እና «ግን» ያስፈልጓታል። እንግሊዝኛዋ የቀለምና የእንስሳት ስም ብቻ ከሆነ «የሎ» ብላ ትቆማለች። ሐሳቧ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ውስጥ ቀርቷል። ሁለተኛ ቋንቋ በዘፈንና በጨዋታ መልመድ አንድ ነገር ነው፤ የምታስብበትን ቋንቋ ከክፍል ማስወጣት ሌላ ነገር ነው።

የወላጅ ጉዳይ

ብዙ የኬጂ ባለቤቶች አንድ ነገር ይናገራሉ፤ «እኛ ብንፈልግም ወላጅ አይፈልግም።» ወላጅ የቤት ሥራ ይፈልጋል። ደብተር ይቆጥራል። ጎረቤት ያለው ልጅ ኤልኬጂ ሆኖ ስሙን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የእሱ ልጅ ጭቃ ሲያቦካ ቢውል ይጨነቃል። ጭንቀቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለአንደኛ ክፍል መግቢያ ፈተና ይሰጣሉ፤ ፈተናው ደግሞ የሚለካው ማንበብና መጻፍን ነው።

በጋና የታየው ነገር እዚህ ላይ ቆም ያሰኛል። በታላቋ አክራ 240 የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሰፊ ሙከራ ተደረገ። በአንደኛው ቡድን የቅድመ አንደኛ መምህራን በጨዋታ ላይ ስለተመሠረተ አሠራር ሠለጠኑ፣ ክፍላቸው ድረስም ክትትል ተደረገላቸው። ልጆቹ ለትምህርት ያላቸው ዝግጁነት ተሻሻለ። በሌላው ቡድን ተመሳሳይ ሥልጠና ተሰጥቶ በተጨማሪ ወላጆች በቪዲዮ ስለ ጨዋታ ጥቅም እንዲወያዩ ተደረገ። የሚጠበቀው ይበልጥ መሻሻል ነበር። የሆነው ግን የሥልጠናው ጥቅም መጥፋቱ ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ የተለያየ ማብራሪያ ይሰጣል። አንዱ፣ ወላጆች ስለ ክፍሉ ሲያውቁ መምህራኑን በራሳቸው እምነት መጫን ጀመሩ የሚል ነው። ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ወላጅን ሰብስቦ «ጨዋታ ጥሩ ነው» ማለት ብቻውን አያሳምንም። ወላጅ የሚያምነው ሲያይ ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ልጁ ስምንት ቆርኪ ቆጥሮ ሲሰጥ፣ ሁለት ሲወሰድበት ሳይቆጥር ስድስት ሲል፣ ከጭቃ «ቤ» ሠርቶ ሲያነብ በዓይኑ ቢያይ ከማንኛውም ስብሰባ ይበልጣል። ለምሳሌ የኮሚዩኒኬሽን ቡኩ «ገጽ 12 ተሠርቷል» ከሚል «ዛሬ የቱ እንደሚበዛ አወዳድረናል፤ ማታ በማንኪያና በሹካ ጠይቁት» ቢል ወላጁም ሥራ ያገኛል።

ወደፊት ምን ሊመጣ ይችላል?

ሁለት ዓመት የሚለው ፖሊሲ ሙሉ በሙሉ ሲተገበር የቅድመ አንደኛ ተማሪ ቁጥር በእጅጉ ይጨምራል። ሁለት መንገድ ይታያል። አንደኛው፣ ያለውን አሠራር ለሁለት ዓመት ማራዘም ነው። እንዲያ ከሆነ ልጁ ከአንደኛ ክፍል በፊት ሁለት አንደኛ ክፍል ይማራል፤ ሰባት ዓመት ሲሞላው ትምህርት ሰልችቶት ሊሆን ይችላል። የቴነሲው ውጤት ይህን ስጋት ከንቱ አያደርገውም።

ሁለተኛው መንገድ ወጪው የሚታይበት ነው። ወጪው ደግሞ በአብዛኛው ሰው ላይ ነው። ረዳት መምህርት መቅጠር፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ለቅድመ አንደኛ የሚሰጡትን ሥልጠና ከንድፈ ሐሳብ ይልቅ ከልጆች ጋር በሚሠራ ልምምድ መሙላት፣ ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ሲገባ የደብተር ገጽ ከመቁጠር የመምህርቷን ጥያቄ እንዲያዳምጥ ማድረግ። አዲስ አበባ በቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራሟ መጫወቻ ቦታዎችን እየሠራች ነው፤ ጥሩ ጅምር ነው። ቦታው ከተሠራ በኋላ እዚያ ከልጆቹ ጋር ማን ተቀምጦ እንደሚያወራ ግን ሌላ በጀት ይጠይቃል።

ከሁሉ ርካሹ ለውጥ ምናልባት የአንደኛ ክፍል መግቢያ ፈተና ነው። ፈተናው ልጁን ከ1 እስከ 100 እንዲጽፍ የሚጠይቅ ከሆነ ኬጂው ያንን ሲያለማምድ ይከርማል፤ መምህርቷ ብትሠለጥንም ቆርኪዋን ሰብስባ ደብተር ታወጣለች። ትምህርት ቢሮዎች ይህን ፈተና ማስቀረት ይችላሉ። ቢያንስ ደግሞ ለተፈታኙ ልጅ እርሳስ በማያስፈልገው ሌላ ጥያቄ ሊተኩት ይችላሉ፦ ልጁ ከተደባለቀ ዕቃ ሰባቱን ቆጥሮ ይስጥ፣ የሚመሳሰሉትን ይለይ፣ ለምን እንደዚያ እንደለየም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይናገር።